በሁለት ንክሻ መካከል ያለው ዝምታ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አንባቢያን። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ላይ ገጠሙ። ሁሉም ስለ ውሻ ንክሻና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ናቸው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ገጹን ለነሱ ሰጠሁት።

አዲስ ለሆናችሁ አንባቢያን፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ነው። በዚያ አካባቢ ውሻ የነከሰው ሰው ብዙው በእጄ አልፏል። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ረዘም ያለ መልስ ይገባታል። ሌሎቹን አሳጥራለሁ።

ሲስተር፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ 2 ዓመቴ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ሲመጣ ቁስሉን እናጥባለን፣ መዝገብ ላይ እንጽፋለን፣ ክትባት ወዳለበት እንልካለን። ቁጥሩ ይደመርና ሪፖርት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በቅርቡ ደግሞ አለቃችን "የንክሻውን ቁጥር በየጊዜው ተከታተሉ፣ በሽታውን ለመከላከል ይረዳል" አለን። እኔ ግን አልገባኝም። መቁጠር እንዴት ነው በሽታ የሚከላከለው? ውሻው እንደሆነ ነክሶ ሄዷል።

እህቴ፣ መልሱ ያለው አንቺው በጻፍሽው የመጨረሻ ቃል ላይ ነው። ሄዷል። ወዴት?

እኔም እንዳንቺ ነበር የምጽፈው። ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ። ምርመራ የሚለው ቦታ ላይ "ዶግ ባይት"። ሁለት ቃል ጽፌ ወደሚቀጥለው ታካሚ አልፋለሁ።

አንድ ዓመት በግንቦት ወር አጋማሽ፣ በገበያ ቀን ማግሥት፣ 4 ሰዎች ተከታትለው መጡ። አንዲት ጠላ ሻጭ፣ ሁለት ተማሪዎችና አንድ ዘበኛ። አራቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ውሻ ነው። ቡናማ ነው፣ አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ይጎትታል። ማንም ሳይነካው፣ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ ነው ያለፈው። በማግሥቱ ሰዎች ደብድበው ገደሉት። ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። እኛም ቁስሉን አጠብን፣ ሰዎቹን ለክትባት ላክን፣ አራቱም ደህና ሆኑ። ተመስገን አልን።

ከዚያ ዝም አለ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድም የተነከሰ ሰው አልመጣም። እኛም ረሳነው።

ሐምሌ ላይ አንድ የ6 ዓመት ልጅ አመጡልኝ። ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይኮማተራል። ነፋስ ሲነካው ይደነግጣል። ፊቱ ላይ የዳነ ጠባሳ አለ። መቼ ነው የተነከሰው አልኩ። በሰኔ አጋማሽ አሉኝ። የነከሰው የገዛ ቤታቸው ውሻ ነው። ልጁ አብሮት ያደገው ውሻ ነው። "የራሳችን ውሻ ነው፣ ተቆጥቶ ነው" ብለው ቁስሉን በጨርቅ አሰሩት። አንድ መድኃኒት አዋቂ ዘንድም ወሰዱት። ውሻው በሦስተኛው ቀን ሞተ። እሱንም ጅብ አቁስሎት ነው፣ የበላው ነገር ነው አሉ። ጤና ጣቢያ የሚያመጣ ነገር መስሎ አልታያቸውም።

ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚያ ልጅ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለቅሶ ስደርስ አያቱ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ነገር ነገሩኝ። "በግንቦት አንድ ገመድ የበጠሰ ውሻ በዚህ አልፎ ነበር። ከኛው ውሻ ጋር ተናክሰው በዱላ ነው ያላቀቅናቸው።" ገመድ የበጠሰ ቡናማ ውሻ። መንደሩ ከከተማው ወንዝ ማዶ ነው። ውሻው ገበያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነሱ ደጅ አልፎ ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሼ መዝገቡን ከፈትኩት። የአራቱ ሰዎች ስም በእጄ ጽሑፍ አለ። ዶግ ባይት፣ ዶግ ባይት፣ ዶግ ባይት፣ ዶግ ባይት። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ሌላ ውሻ ነክሷል ወይ ብዬም አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ከአራቱ አንዱ በወንዝ ማዶ በኩል እንደመጣ ይነግረኝ ነበር። እኛም ሄደን ውሻቸውን እሰሩት፣ አንድ ነገር ቢያሳይ ቶሎ ንገሩን እንላቸው ነበር። አንድ ወር ሙሉ ጊዜ ነበረን።

ያ ዝምታ ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ከገባ በኋላ ደም ውስጥ አይሮጥም። በነርቭ በኩል ቀስ ብሎ ወደ አንጎል ነው የሚጓዘው። ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይወስዳል። ንክሻው ፊት ላይ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። ውሻም ላይ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ነው፣ አንዳንዴም ወራት። በነዚያ ሳምንታት ውሻው ይበላል፣ ይጮኻል፣ ከልጅ ጋር ይጫወታል። ጤነኛ ነው የሚመስለው።

ታንዛኒያ ውስጥ፣ ሰረንጌቲ አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ልክ ያንቺን የመሰለ መዝገብ ይዘው ተነሡ። በጤና ተቋማት የተጻፈውን የንክሻ መዝገብ ይዘው በየቤቱ እየሄዱ ጠየቁ። የነከሰህ ውሻ የማን ነበር? እሱንስ ማን ነከሰው? እሱስ ሌላ ማንን ነከሰ? እንዲህ እያሉ ከንክሻ ወደ ንክሻ ሰንሰለቱን አገኙት። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ከአንዱ ውሻ መያዝ እስከሚቀጥለው ውሻ መያዝ ድረስ ያለው ጊዜ በአማካይ ወደ 25 ቀን ገደማ ሆኖ ተገኘ። እኔ "አለፈ" ያልኩበት ዝምታ ማለት ይኸው ነው።

ከዚሁ ሥራ የወጣ ሌላ ነገር አለ፣ እኔን ይበልጥ ያጽናናኝ። አንድ ያበደ ውሻ በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከአንድ ውሻ ትንሽ ለሚበልጥ ነው። ኩፍኝ አንድ ልጅ ይዞ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ይህኛው እንደዚያ አይደለም። ክሩ ቀጭን ነው። እዚህ አንድ ውሻ ቢታሰር፣ እዚያ ጥቂት ውሾች ቢከተቡ ይበጠሳል። ግን ክሩ የት እንደሚሄድ ካላየሽ አትበጥሺውም። የምታይው ደግሞ በንክሻው ነው።

ስለዚህ ከዚያ ዓመት በኋላ አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። ከመንግሥት መዝገብ ጎን የራሴን ጻፍኩ። ለተነከሰው ሰው ቁስሉን እያጠብኩ እጠይቃለሁ። ማጠቡ 15 ደቂቃ ስለሚፈጅ ለጥያቄ በቂ ጊዜ አለ። የማን ውሻ ነው? ምን ይመስላል? ነክተኸው ነው ወይስ እንዲያው? የት ቦታ ነው፣ ቀበሌውን ሳይሆን የሰፈሩን ስም፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር። ከየት በኩል መጣ፣ ወዴት ሄደ? ሌላ ሰው ነክሷል? ውሻስ? ላምስ፣ አህያስ? ተከትቦ ያውቃል? አሁን የት ነው? የመጨረሻዋን መስመር ባዶ እተዋለሁ። እሷ የምትሞላው በ10ኛው ቀን ነው።

ለምን 10 ቀን መሰለሽ? ሲነክስ ለሃጩ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ይታመማል፣ ይሞታል። 10 ቀን በጤና ከቆየ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ክትባቱ ግን አንድ ቀንም አይጠብቅም። ወዲያው ይጀመራል፣ ውሻው ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ይቆማል።

አሁን ስለ ቁጥሩ ልንገርሽ፣ ቁጥር ብቻውን ያሳስታልና። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያችን ክትባት መጣልን። በዚያው ወር የተነከሰ ሰው እጥፍ ሆነ። ውሾቹ ስላበዱ አይደለም። ቀድሞ ከቤት የሚቀረው ሰው ክትባት አለ ሲባል ስለመጣ ነው። ክትባቱ ሲያልቅ ደግሞ ቁጥሩ ወረደ። ሪፖርቱን ለሚያየው አለቃ ጥሩ ወር ይመስላል። ለኔ ግን ከሁሉ የከፋው ወር እሱ ነበር። ሰዎቹ ተነክሰው ቤታቸው ነው ያሉት። ስለዚህ ክትባት ያለቀበትንና የገባበትን ቀን ደብተሩ ዳር ላይ ጻፊ። ያለዚያ በኋላ ቁጥሩን ማንበብ አትችይም።

ደግሞ ሁሉም ንክሻ አንድ አይደለም። የወለደች ውሻ ቡችሎቿን የነካባትን ትነክሳለች። ትምህርት ሲዘጋ ልጆች በየግቢው ስለሚዞሩ ንክሻ ይበዛል። ይህ ለብቻው ይቆጠር። ሳይነኩት የነከሰ ውሻ፣ ከአንድ በላይ የነከሰ ውሻ፣ ነክሶ የጠፋ ወይም የሞተ ውሻ፣ እነዚህን በቀይ እስክሪብቶ ጻፊያቸው። በዓመቱ መጨረሻ ጠቅላላውን ድምር ተይውና ቀዩን ብቻ በቀን በቀን ደርድሪው። ሁለት ቀይ ከአንድ አቅጣጫ በአንድ ወር ልዩነት ከመጡ ተነሺ።

ተነሥቼ ወዴት ልሂድ ካልሽ፣ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ስልክ ደብተርሽ ጀርባ ላይ ጻፊው። እኔ ከባለሙያው ጋር በየሳምንቱ ሰኞ ሻይ እየጠጣን ደብተራችንን እናስተያይ ነበር። እኔ የተነከሰ ሰው አለኝ፣ እሱ የታመመ ውሻ አለው። ብዙ ጊዜ አንድ ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳ ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ስትመርጥ የእብድ ውሻ በሽታን አንደኛ ያደረገችው የሰውና የእንስሳ ጤና ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ነው። እናንተም ወረዳችሁ ላይ እንደዚሁ ተቀመጡ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ያበደ ውሻ ሲገደል እንዳይቀብሩት፣ መጀመሪያ ለሱ ይደውሉ። ጭንቅላቱ በጥንቃቄ ተይዞ ላቦራቶሪ ከደረሰ እርግጡ ይታወቃል። እኛ ያንን ቡናማ ውሻ ከነመልሱ ነው የቀበርነው።

ልጄ ሲስተር፣ የደሴ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬ 71 ነው። በልጅነቴ ውሻ ነክሶኝ እምብርቴ ዙሪያ በየቀኑ መርፌ ተወግቻለሁ። ያ ስቃይ ዛሬም አይረሳኝም። አሁን የልጅ ልጄን የጎረቤት ውሻ ጭሮታል፣ ትንሽ ደምቷል። ያንን መርፌ አይቶ ከሚሰቃይ ጸበል ብወስደውስ?

አባቴ፣ ዛሬውኑ ይውሰዱት። ይህን መጽሔት አስቀምጠው ይነሡ።

እርስዎ የተወጉትን አውቀዋለሁ። ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረ ክትባት ነው። ለብዙ ዘመን እዚሁ ሀገራችን ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ የድሮ ሰዎች በሚሠራበት ተቋም ስም "ፓስተር ሄጄ ተወጋሁ" የሚሉት እሱን ነው። 14 ቀንና ከዚያም በላይ፣ በየቀኑ፣ ሆድ ላይ። ከዚያ ስቃይ የሸሸ ሰው ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያ ዓይነት ክትባት እንዲቀር መምከር ከጀመረ 40 ዓመት አልፎታል። አሁን የሚመከረው በክንድ ላይ የሚሰጥ ነው። እንደ አሰጣጡ 3፣ 4 ወይም 5 ቀጠሮ ብቻ ነው። ለልጅ ከሌላው ክትባት የተለየ ሕመም የለውም።

የደማ ጭረት ቀላል ነገር አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት አይተው ይያዙ፣ 15 ደቂቃ ከሚመስለው ይረዝማል። በርበሬ፣ ቡና፣ ቅጠል አያድርጉበት። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን ተጨማሪ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፣ እምቢ አይበሉ። ጸበሉን አልከለክልዎትም፣ እኔም ጸበልተኛ ነኝ። መርፌው ግን ይቅደም። ጎረቤትዎንም ውሻውን እንዳይገድሉት፣ አስረው 10 ቀን እንዲጠብቁት ይለምኗቸው።

ሲስተር፣ ገበሬ ነኝ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ነው ያለሁት። ላማችን መዋጥ አቅቷት ለሃጭ ታዝረበርባለች፣ ድምፅዋም ጎርንኗል። የተሰነቀረ ነገር አለ ብዬ እጄን እስከ ጉሮሮዋ አስገብቼ ፈለግሁ፣ ምንም አላገኘሁም። በማግሥቱ ወደቀች፣ ሞተች። ጎረቤቴ ያበደ ውሻ ሳይነክሳት አይቀርም አለኝ። ወተቷን ጠጥተናል። እንፍራ?

ወንድሜ፣ ከወተቱ ይልቅ ያሳሰበኝ እጅህ ነው።

መዋጥ ማቃት፣ ለሃጭ፣ የድምፅ መለወጥ፣ በጥቂት ቀን መሞት የእብድ ውሻ በሽታ ከብት ላይ ሲወጣ የሚያሳያቸው ናቸው። ገበሬ ሁሉ የተሰነቀረ ነገር አለ ብሎ እጁን የሚያስገባው በዚህ ጊዜ ነው። ለሃጩ ውስጥ ደግሞ ቫይረሱ አለ። የገበሬ እጅ ጭረት አያጣም፣ የላም ጥርስም ይፍቃል። ስለዚህ አንተና አብሮህ አፏን የነካ ሁሉ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱና ይህንኑ እንደጻፍክልኝ ንገሯቸው። "ውሻ አልነከሰኝም" ብለህ እንዳትቀር። የታመመ ከብት ወተት አይጠጣም፣ ሥጋውም አይበላም። የጠጣችሁትንም እዚያው ንገሩ፣ የሚያስፈልገውን እነሱ ይወስናሉ።

ደግሞም ለእንስሳት ሐኪሙ ንገር። ላሟን የነከሰ ውሻ ሌላም ነክሷል።

ሰላም ሲስተር፣ ከዲንሾ ነው የምጽፈው። በኛ አካባቢ የቀይ ቀበሮ ፕሮግራም ሠራተኞች እየመጡ ውሻችንን ይከትባሉ። ደስ ይለናል። ግን ቀበሮውን ለማዳን ለምን የኛን ውሻ ይከትባሉ? ቀበሮውን አይከትቡም?

ሁለቱንም ያደርጋሉ ወንድሜ። ጥያቄህ ከመጀመሪያዋ ጠያቂ ጋር አንድ ቤት ነው የሚገባው።

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ሁሉም ያሉት ሀገራችን ውስጥ ነው፣ የሚበዙትም እናንተ ጋ ባሌ ተራሮች ላይ። ቀበሮዎቹ የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዛቸው ከእረኛ ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ደጋግሞ መጥቶባቸዋል። በ2003 በወብ ሸለቆ የመጣው ብዙዎቹን ጨረሰ።

ያኔ ቀሪዎቹ እንዴት እንደተረፉ ግን ስማ። በየቀኑ በፈረስም በእግርም እየዞሩ ቀበሮዎቹን የሚቆጥሩ ሰዎች ነበሩ። የቱ መንጋ የት እንደሚያድር ያውቃሉ። ሬሳ ሲያገኙ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋሉ። በዚህ ምክንያት በሽታው ከየት ወዴት እየሄደ እንደሆነ ታወቀ። ሁሉንም ቀበሮ መከተብ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ከታመመው ሸለቆ ወደሚቀጥለው በሚያሻግረው መተላለፊያ ላይ ያሉትን መንጋዎች ይዘው ከተቡ። በሽታው እዚያ ቆመ። ውሻችሁን በከተቡ ቁጥር ደግሞ በሽታው ከመነሻው መግቢያ ያጣል። የምትከተበው ውሻ ልጆቻችሁንም ነው የምትጠብቅላችሁ።

ሲስተር፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዝተዋል፣ በቅርቡ ሁለት ልጆች ተነክሰዋል። ኮሚቴው ገንዘብ አዋጥተን በመርዝ እናስጨርሳቸው ይላል። እኔ ልቤ አልፈቀደም፣ ግን ልጆቹስ? ምን ብዬ ልከራከር?

እህቴ፣ ልጆቹ የተከተቡ እንደሆነ መጀመሪያ አረጋግጪ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ይገመታል፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በብዛት የሚጠቁት ናቸው።

ለኮሚቴው እንዲህ በያቸው። መርዝ የሚበላው ሰው የሚቀርበው፣ የሚታመነው ውሻ ነው። ያበደው ውሻ ብዙ ጊዜ ምግብ መዋጥ ያቅተዋል፣ መርዙን ላይበላው ይችላል። የተገደሉት ውሾች ቦታም ባዶ አይቀርም። የቆሻሻ ገንዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሌላ ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ። እነዚያ ደግሞ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደያዙ አታውቁም። መርዙን ልጅ ሊያነሣው ይችላል፣ ይህን ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

የሠራው መንገድ ውሾቹን መከተብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መንገድ ያጣል። ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ውሾቿን በጅምላ ከተበች። እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ ምክንያት በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው የሌለባት ሀገር መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት፣ የመጀመሪያዋም እሷ ናት። ያዋጣችሁትን ገንዘብ ለክትባትና ለገንዳ ክዳን አውሉት። ክፍለ ከተማችሁ ያሉትን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ጥሩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ሁለቱ ልጆች የት ብሎክ አጠገብ ተነከሱ? በየትኛው ውሻ? በስንት ሰዓት? ጥበቃው ክፍል አንድ ደብተር አስቀምጡና የተነከሰ ሁሉ ይጻፍበት። ምናልባት ከደረጃ ሥር የወለደች አንዲት ውሻ ትሆናለች ሁሉንም የነከሰችው። እሷን ለብቻዋ አጥሩላት፣ ቡችሎቿ እስኪያድጉ ልጆቹን አርቁ። ምናልባት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ሳይነኩት የነከሰና አሁን የጠፋ ውሻ ካለ ያ ጉዳይ የኮሚቴ አይደለም፣ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያና ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

ሲስተር፣ ባለፈው እትም የመለስሽልኝ የአዳማዋ እናት ነኝ። እንደነገርሽኝ ልጄን በዚያው ቀን አስከተብኩት። የነከሰውን የጎረቤት ውሻ አስረን ጠበቅነው። ዛሬ 10ኛ ቀኑ ነው። ጠዋት እንጀራ ሰጥቼው በልቷል፣ ውሃም ጠጥቷል፣ ጭራውን ይቆላል። አሁን ምን ላድርግ?

እልልል! እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እናት። ይህን ደብዳቤ ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ነገ ጠዋት ልጁን ይዘሽ የተከተበበት ጤና ጣቢያ ሂጂና ውሻው ደህና መሆኑን ንገሪያቸው። የቀረውን መርፌ ለማቆም እነሱ ይወስናሉ። የወሰደው አይባክንም፣ ወደፊት ቢነከስ ሰውነቱ ቶሎ ያስታውሳል። ያኔም የወሰደበትን ካርድ ስለሚጠይቁሽ አትጣዪው። ውሻውንም ጎረቤትሽ ያስከትቡት፣ 10 ቀን ታስሮ ከርሟልና ትንሽ ይንሸራሸር።

ከመውጣትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ነርሷን መዝገቡን እንድትከፍትልሽ ጠይቂያት። የልጅሽ ስም ያለበትን መስመር ፈልጉና "ውሻው በ10ኛው ቀን በሕይወት አለ" ብላ ትጻፍበት። ያቺ ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ ናት።